ታርጌት 8 ብዬ የሠራሁት ጃር ጃቫ 8 ላይ «ፍሊፕ የለም» ይለኛል

የሽሮሜዳዋ፦

ሰላም ለቤቱ። ጽሑፉ ይረዝማል፣ ታገሡኝ። ከታክሲ ውስጥ በስልክ ስለሆነ ኮዱንም በፊደል ነው የምጽፈው፣ እንደሚገባችሁ አውቃለሁ።

ከጥቅምት ጀምሮ የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ፕሮግራም ከሌላ ልጅ ተረክቤ እየጠገንኩ ነው። ጃቫ ነው፣ ቢልዱ (ኮዱን ወደሚሠራ ፋይል መቀየሩ) በሜቨን። ሰርቨራቸው ያለው ክፍለ ሀገር ነው፣ የተጫነበትም ጃቫ 8 ነው። «ቀይሩት» እንዳትሉኝ። እዚያው ማሽን ላይ ሌላ ሰው የሠራላቸው የሒሳብ ሶፍትዌር አለ፣ እሱ ከ8 ውጭ አልነሳም ይላል፤ ማሽኑን የሚጠብቁት ሰዎች ደግሞ የሚሠራ ነገር አይነካም ብለው ዘግተውታል። አልፈርድባቸውም። ጃቫ 8 በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት 2006 የወጣ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንቱ መጥቶ ሄደ፣ እሱ ግን እንደ አሮጌ ላንድሮቨር ዛሬም ይነሳል።

የእኔ ላፕቶፕ ላይ ያለው ጄዲኬ (የጃቫ መሥሪያው ከነኮምፓይለሩ) 11 ነው። ፖም ፋይሉ (የሜቨን ማዘዣው) ውስጥ ሁለት መስመሮች አሉ፦ ሜቨን ኮምፓይለር ሶርስ 1.8፣ ሜቨን ኮምፓይለር ታርጌት 1.8። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ የጻፋቸው ናቸው። እሱ ራሱ ጄዲኬ 8 ላይ ስለሚሠራ ችግር አይቶ አያውቅም። እኔም ሳያቸው «ጎሽ፣ 8 ተብሏል» ብዬ አለፍኩ። ቢልድ ባደረግኩ ቁጥር «ቡትስትራፕ ክላስፓዝ አልተቀመጠም» የሚል ቢጫ መስመር ይመጣል። ቢጫ ነው፣ ቀይ አይደለም፣ ማን ያነበዋል።

ባለፈው ሰኞ የመጀመሪያዬን ጃር (የፕሮግራሙን ጥቅል ፋይል) ላክሁ። ተነሳ። ገንዘብ ያዧ ገባች፣ የአባላት ዝርዝር ወጣላት፣ ተቀማጭ መዘገበች፣ ደረሰኝ አተመች። ደስ ብሎኝ ስልኬን አስቀመጥኩ። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደወለች። «እህቴ፣ ቀኑን ዝጋ የሚለውን ስጫነው ዝም ይላል።» ስህተት ይጽፋል? አይጽፍም። ይንጠለጠላል? አይንጠለጠልም። ሌላው ሁሉ ይሠራል፣ ያ አንድ ቁልፍ ብቻ ዝም ጭጭ። ሎጉን አስልኬ አየሁት፣ ባዶ ነው። ያን ቀን ሒሳቡን በእጅ ደምራ ዘጋችው፣ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቆይታ። እኔ ላፕቶፕ ላይ ቁልፉን መቶ ጊዜ ብጫነው መቶ ጊዜ ይዘጋል።

ማክሰኞን ሙሉ በዚህ አለቀ። ቀን መዝጊያው ለብቻው በሌላ ትሬድ (ከዋናው ጎን በሚሄድ የሥራ መስመር) ነው የሚሄደው፣ በኤግዚኪውተር ሰብሚት። ውስጡ ትራይ አለ፣ ካች ኤክሴፕሽን አለ፣ ሎግ አለ፣ ግን ትንፍሽ አይልም። በመጨረሻ ተናድጄ ካች ትሮዌብል ብዬ ቀየርኩት፣ ጃሩን መልሼ ላክሁ፣ ይህን ጻፈ፦

«ኖ ሰች ሜተድ ኤረር፤ ጃቫ ኒዮ ባይት በፈር ነጥብ ፍሊፕ፣ ባዶ ቅንፍ፣ ከጎኑ ጃቫ ኒዮ ባይት በፈር።»

መስመሩ ይህን ያህል ነው፦ ባይት በፈር (ጊዜያዊ የዳታ ማስቀመጫ) በ8192 አሎኬት ይደረጋል፣ የቀኑ የግብይት ፋይል ከፋይል ቻናል ወደ በፈሩ ይነበባል፣ ከዚያ በፈር ነጥብ ፍሊፕ፣ የተሞላውን በፈር ለንባብ የሚያዞረው። በቃ። ፍሊፕ እኮ ከጃቫ 1.4 ጀምሮ ያለ ነገር ነው! እኔ ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ የነበረን ሜተድ «የለም» ይለኛል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ታርጌቱ አልሠራ ይሆናል ብዬ ነው። የክላስ ፋይሉን በሄክስ ከፍቼ አየሁት። ያቺ ታዋቂዋ «ካፌ ቤብ» መጀመሪያው ላይ አለች፣ ከሷ ቀጥሎ ባዶ ባዶ፣ ከዚያ 34። ሄክስ 34 ማለት 52 ነው፣ 52 ማለት ጃቫ 8 ነው። ስለዚህ ታርጌቱ በትክክል ሠርቷል። ካልሠራማ ሰርቨሩ ገና ሲነሳ «ይህ ክላስ ከእኔ በላይ ነው» ብሎ ይመልሰኝ ነበር።

ታዲያ ምንድን ነው ይህ? 8 በል ብዬው፣ 8 ብሎ ጽፎ፣ 8 ላይ የማይሠራው ለምንድን ነው?


ቆሎ በኪሴ፦

አታስቢ እህቴ፣ ሁለት ጃቫ አንድ ማሽን ላይ ይኖራል። ጃቫ 11ን ለብቻው ፎልደር ውስጥ አስቀምጪና ያንቺን ፕሮግራም ብቻ በሱ አስነሺው። የሒሳቡ ሶፍትዌር ከነ8ቱ ይቀመጥ።


የሽሮሜዳዋ፦

ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ እኔ ግን ማሽኑን በርቀት የምገባበት መንገድ እንኳ የለኝም። ጃሩን በቴሌግራም እልካለሁ፣ አንድ ልጅ በፍላሽ ወስዶ አሮጌው ላይ ይገለብጠዋል። አዲስ ፎልደር ፍጠርልኝ ማለት ደብዳቤ ጻፊ ማለት ነው። ደግሞ ችግሩ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ጃቫ ቀይሬ ባመልጥ ነገ ሌላ ቦታ ይገጥመኛል።


ነጠላ ሰረዝ፦

ሄክሱን ከፍተሽ ማየትሽ ግማሹን ሥራ ቀንሶልኛል። 44 መደመር ነው፤ 8 ሲሆን 52፣ 11 ሲሆን 55፣ 17 ሲሆን 61። ያንቺ 52 ከሆነ ኮምፓይለሩ ያዘዝሽውን አድርጓል። ችግሩ ያላዘዝሽው ነገር ላይ ነው።

ኮምፓይለር ሲሠራ ሦስት ነገር ማወቅ አለበት። አንደኛ ኮዱ በየትኛው ዘመን ቋንቋ እንደተጻፈ፤ ይህ ሶርስ ነው። ሁለተኛ የሚያወጣው ክላስ ፋይል የስንተኛው ዘመን እንደሚሆን፤ ይህ ታርጌት ነው። ሦስተኛው ኮድሽ የሚጠራቸውን ስትሪንግ፣ ሊስት፣ ባይት በፈር የሚባሉትን ከየትኛው ጃቫ ላይብረሪ እያየ እንደሚያመሳክር ነው። ሁለቱን ነገርሽው፣ ሦስተኛውን አልነገርሽውም። ካልተነገረው ደግሞ እጁ ላይ ያለውን ያያል፣ እጁ ላይ ያለው 11 ነው። ያ ቢጫ መስመር ሲለምንሽ የነበረው እሱን ነበር፦ «ቋንቋው 8 ነው ብለሻል፣ የ8ን ላይብረሪ ግን አልሰጠሽኝም»።

አሁኑኑ ሞክሪው። አንድ ባዶ ክላስ ፍጠሪና ውስጡ ቫር ኤክስ እኩል ይሆናል 5 ብለሽ ጻፊ። ቫር በጃቫ 10 የመጣ የቋንቋ ነገር ስለሆነ ሶርስ 1.8 አይቀበልሽም፣ ይጮሃል። እሱን አጥፊና አንድ ስትሪንግ ላይ ኢዝ ብላንክ ጥሪ። ኢዝ ብላንክ በ11 የመጣ ሜተድ ነው፤ ያለ ምንም ቅሬታ ያሳልፍልሻል። ቋንቋ አይደለማ፣ ላይብረሪ ነው። 8 ላይ ስትወስጂው ግን የለም።

ያንቺው የባሰው እንዲህ በግልጽ አዲስ የሆነ ነገር ስላልጠራሽ ነው። አሮጌ ሜተድ ነው የጠራሽው። ነገሩ ይህ ነው፦ እስከ ጃቫ 8 ድረስ ፍሊፕ የተጻፈው ባይት በፈር ውስጥ አልነበረም። የወላጁ የበፈር ነው፣ የሚመልሰውም በፈር ነው። ስለዚህ ፍሊፕ ካልሽ በኋላ ነጥብ አድርገሽ ወደ ቀጣዩ የባይት በፈር ሜተድ መሄድ አትችዪም ነበር፣ ሰውም ያማርር ነበር። በጃቫ 9 ይህን አስተካከሉት። ባይት በፈር የራሱ ፍሊፕ ተሰጠው፣ የሚመልሰውም ባይት በፈር ሆነ። ፍሊፕ ብቻ አይደለም፤ ክሊር፣ ሪዋይንድ፣ ማርክ፣ ሪሴት፣ ሊሚት፣ ፖዚሽን፣ ሰባቱም።

አሁን ጃቫክ፣ ኮምፓይለሩ ማለት ነው፣ የክላስ ፋይሉ ላይ ጥሪውን ሲጽፍ ስሙን ብቻ አይጽፍም። ስሙን፣ የሚቀበለውን፣ የሚመልሰውንም ይጽፋል። ጄቪኤምም (ክላሱን የሚያስኬደው) ሲፈልግ በሦስቱም ነው የሚፈልገው። እንደኛ አገር ሰው ፍለጋ ነው፣ ስም ከነአባት። ያንቺ ጃር ጃቫ 8 ቤት ሄዶ «ፍሊፕ ባይት በፈር አለ?» ይላል። የቤቱ ሰዎች «ፍሊፕ በፈር አለ፣ ፍሊፕ ባይት በፈር የሚባል ግን አናውቅም» ይሉታል። ስሙ አንድ፣ አባቱ ሌላ። ስህተቱ መጨረሻ ላይ ከቅንፉ ቀጥሎ የተጻፈው ባይት በፈር አባትየው ነው።

አንብበሽ ከምታምኚኝ በዓይንሽ እዪው። ጃቫፒ ሰረዝ ሲ (ክላስ ፋይል ውስጥ ያለውን ገልጦ የሚያሳየው) ብለሽ የቀን መዝጊያውን ክላስ ክፈቺ፣ ፍሊፕ ያለበትን ኢንቮክ ቨርቹዋል ፈልጊ። የመስመሩ ጫፍ ላይ ባይት በፈር ይላል። የድሮው ልጅ በጄዲኬ 8 የሠራው ጃር ካለሽ እሱንም ክፈቺው፣ ጫፉ ላይ በፈር ብቻ ታገኛለሽ።

የድሮው ጃር ግን አዲስ ጃቫ ላይ ቢሄድ ይሠራል። ጃቫክ የ9ኙን ባይት በፈር ሲሠራ «ፍሊፕ በፈር» ለሚል እንግዳ ወደ አዲሱ የምታሻግር ትንሽ ድልድይ ሜተድ እዚያው አብሮ ይሠራል። ስለዚህ ጃቫ ወደ ኋላ ተኳኋኝ ነው ሲሉ አልዋሹም፤ አሮጌ ጃር አዲስ ቤት ገብቶ ይኖራል። አንቺ የሞከርሽው ግልባጩን ነው፣ አዲስ ቤት የተሠራን አሮጌ ቤት ማስገባት። ለሱ ማንም ቃል አልገባልሽም።

መድኃኒቱ፦ ሶርስና ታርጌቱን ተያቸው፣ በምትካቸው ሜቨን ኮምፓይለር ሪሊዝ ብለሽ 8 ጻፊ። 1.8 አይደለም፣ 8 ብቻ። ከጄዲኬ 9 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ የማሻሻያ ቁጥሩ ጄፕ 247። ጄዲኬሽ ውስጥ ሊብ ፎልደር ብትገቢ ሲቲ ነጥብ ሲም የሚባል ፋይል አለ፤ የቀድሞዎቹ ጃቫዎች ላይብረሪ ዝርዝር እሱ ውስጥ ታሽጎ ተቀምጧል። ሪሊዝ 8 ስትዪው ሦስቱንም አንድ ላይ 8 ያደርጋቸዋል፣ ጄዲኬ 8 መጫን ሳያስፈልግሽ።

ሰዎች በፈሩን መጀመሪያ ወደ በፈር ካስት አድርገሽ (በወላጁ ዓይነት ቆጥረሽ) ፍሊፕ በይ ሊሉሽ ይችላሉ። ይሠራል፣ ስንት ትልልቅ ላይብረሪም እንዲያ አድርጎ አልፏል። ግን ያንን አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚደፍነው፣ ሌላው የት እንዳለ አይነግርሽም።


ማታ ፈረቃ፦

ነጠላ ሰረዝ ጨርሶታል። እኔ ስለ ዝምታው ልጨምር፣ ምክንያቱም አንቺን ሁለት ቀን የበላሽ እሱ ነው።

ጄቪኤም ሜተዶችን የሚፈልጋቸው ጃሩ ሲነሳ አይደለም፣ መስመሩ ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ይነሳል፣ ይገባል፣ ያትማል፣ ቀኑን ሙሉ ደህና ይውላል፣ ፍሊፕ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። ከዚያ ደግሞ ይህ ኤረር ነው እንጂ ኤክሴፕሽን አይደለም። ሁለቱም የትሮዌብል ልጆች ናቸው፣ ወንድማማች እንጂ አባትና ልጅ አይደሉም፣ ስለዚህ ካች ኤክሴፕሽንሽ አጠገቡ አልፎ ሄደ። በሦስተኛ ደረጃ ሰብሚት የሚወረወርለትን ሁሉ ፊውቸሩ (የውጤት መያዣው) ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ጌት ብሎ የሚጠይቀው ከሌለ እዚያው ይቀበራል። ሦስት በር ተዘግቶበት ነው የጠፋሽ። ከሰብሚት ይልቅ ኤግዚኪዩት ብትዪው ቢያንስ ኮንሶሉ ላይ ይጮህ ነበር።

እኔ ይህን በሽታ የያዘኝ ጃቫ 7 ላይ ነው። ያኔ እኔ 8 ላይ እሠራለሁ፣ የደንበኛው ሰርቨር 7 ነው፣ ታርጌት 1.7 ብያለሁ። የጣለኝ ኮንከረንት ሃሽ ማፕ ነው። ኪሴት የሚለው ሜተድ በ7 ተራ ሴት ይመልስ ነበር፣ በ8 ኪሴት ቪው የሚባል አዲስ ነገር መመለስ ጀመረ። አባቱ ተቀየረ ማለት ነው፣ እንዳንቺው። ያኔ ሪሊዝ የሚባል ስላልነበረ የጃቫ 7ን አርቲ ጃር (ዋናውን ላይብረሪ የያዘውን) ከሌላ ማሽን ገልብጬ በቡትክላስፓዝ ነበር የማሳየው። ደግሞ የሚገርመው፣ ተለዋዋጩን ኮንከረንት ሃሽ ማፕ ከማለት ማፕ ብለሽ ብትገልጪው ኖሮ ችግሩ አይነካሽም ነበር። አስተማሪዎቻችን በኢንተርፌስ ግለጹ ሲሉን ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

በሜቨን ፈንታ ግሬድል የምትጠቀሙ ካላችሁ ሶርስ ኮምፓቲቢሊቲና ታርጌት ኮምፓቲቢሊቲ ያው የእህታችን ሁለት መስመር ናቸው፣ ከዚያ በላይ አያድኑም። ከ6.6 ወዲህ ኦፕሽንስ ነጥብ ሪሊዝ አለ፣ እሱን። ኢንቴሊጄ (ኮድ መጻፊያው) ላይ ላንጉዌጅ ሌቭል 8 ማድረግም የሚገድበው ቋንቋውን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጃክስቢ የሚባለው የኤክስኤምኤል ላይብረሪ ፕሮጀክትሽ ውስጥ ካለ ሪሊዝ 8 ደስ ብሎት ያልፍልሻል፣ 8 ውስጥ ስለነበረ። ያንቺ ላፕቶፕ ላይ ስታስነሺው ግን ይወድቃል፣ ከ11 ውስጥ ተነቅሎ ስለወጣ። ኮምፓይል ሆነ ብለሽ እዚያው እንዳትደነግጪ።


የሲ ሰው፦

እናንተ ጃቫዎች ቅንጦተኞች ናችሁ፣ ሪሊዝ 8 ብሎ ነገር አላችሁ። ሲ ላይ ኑ።

ኡቡንቱ 22.04 ላይ ሰላም ዓለም የሚል አምስት መስመር ፕሮግራም ጻፉ፣ ኮምፓይል አድርጉ፣ ሴንትኦኤስ 7 ላይ ውሰዱት። «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» ይላችኋል፤ ጂሊብሲ የሊኑክሱ ዋና የሲ ላይብረሪ ነው። ሰላም ዓለም እኮ ነው! ኡቡንቱው ጂሊብሲ 2.35 ነው ያለው፣ ሴንትኦኤሱ 2.17። በ2.34 የትሬድ ላይብረሪውን ከዋናው ጋር ሲቀላቅሉት ሜይንን የምታስጀምረዋ ፈንክሽን አዲስ ቁጥር ተሰጣት፤ ስለዚህ ያን ቤት የረገጠ ሁሉ ያን ቁጥር ይዞ ይወጣል። ኤስቲዲ እኩል ሲ99 ብትሉ አይረዳችሁም፣ እሱ ያው የቋንቋ ነው፣ የእናንተ ሶርስ።

ያለን መፍትሔ አሮጌ ቤት ሄዶ መሥራት ነው። ኮንቴይነር ውስጥ የድሮ ሊኑክስ አስቀምጦ እዚያ ኮምፓይል ማድረግ። የፓይተን ሰዎች መኒሊኑክስ 2014 የሚሉት ያው ነው፣ ሴንትኦኤስ 7 ላይ የታነጸ።


የሽሮሜዳዋ፦

ተመለስኩ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም።

ጃቫፒውን መጀመሪያ አደረግኩት፣ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። ሁለቱን ጃር ጎን ለጎን ከፈትኩ። የልጁ በፈር ይላል፣ የእኔ ባይት በፈር ይላል። አንድ ቃል ነው እኮ! ገንዘብ ያዧ ሰኞ ማታ በካልኩሌተር ስትደምር ያመሸችው በዚያች አንድ ቃል ነው።

ከዚያ ሪሊዝ 8 ጻፍኩ። ቢጫው መስመር ጠፋ፣ በምትኩ ሦስት ቀይ መጣ። ሁለቱ ኢዝ ብላንክ፣ አንዱ ሊስት ነጥብ ኦፍ። ሦስቱም የእኔ ናቸው፣ የድሮው ልጅ እጁ የለበትም። አንዷ ኢዝ ብላንክ ያለችው የብድር ወለድ የሚሰላበት ገጽ ላይ ነው፣ እሱ የሚከፈተው በወር መጨረሻ ብቻ ነው። እንግዲህ ፍሊፑን ብቻ በካስት ደፍኜው ቢሆን ኖሮ በ30 ሌላ ስልክ ይጠብቀኝ ነበር።

ደስ ብሎኝ ኮዱን ለባልደረባዬ ላክሁለት፣ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አለ። የሱ ላፕቶፕ አሮጌ ነው፣ ጄዲኬ 8 ብቻ ነው ያለው፣ ዲስኩም ሞልቶ ሌላ አያስገባም፤ ሁሌ እስቅበታለሁ። «ሪሊዝ የሚባል ፍላግ አላውቅም» አለው። የእኛ ሜቨን ኮምፓይለር ፕለጊን 3.8.1 ነበር፣ ለጄዲኬ 8ም ሪሊዝን እንዳለ ያቀብለዋል። ወደ 3.13.0 አሳደግኩት፤ እሱ ጄዲኬ 8 ሲያይ ሪሊዝን ትቶ በሶርስና ታርጌት ይሄዳል። ስለዚህ ነጠላ ሰረዝ ይቅርታህን፣ ሁለቱን የድሮ መስመሮች አልጣልኳቸውም፣ ለሱ ስል መልሼ አስገባኋቸው። የእኔ 11 ላይ ሪሊዝ ስላለ አያያቸውም።

አሁን ጉዱን ስሙ። ፍላጉ ሲስተካከልለት ሌላ ስህተት አወጣ። «የክላስ ፋይሉ ቁጥር 55 ነው፣ 52 መሆን ነበረበት» ይላል። የቱ ክላስ? የእኛ አይደለም። ሂካሪሲፒ ነው፣ የዳታቤዝ ግንኙነት የሚይዝልን። ባለፈው ሳምንት «ላይብረሪዎቹን ላድስ» ብዬ ወደ 5.0.1 አሳድጌው ነበር፣ 5 ደግሞ ለጃቫ 11 የተሠራ ነው። የእኔ ጃቫክ 11 ስለሆነ 55ን ማንበብ ይችላል፣ ሪሊዝ 8 ብዬውም ስለ ሰው ጃር ምንም አላለኝም። የሱ ጃቫክ ግን 55 አይቶ ስለማያውቅ አልፈጭም አለ። ሰኞ የላክሁት ጃር ላይ ይህ አልነበረም፣ በሚቀጥለው ግን ሊሄድ ነበር፤ ያኔ ቀን መዝጊያው ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙም ባልተነሳ ነበር። ለጃቫ 8 የሚሆነው 4.0.3 ነው፣ ወደ እሱ መለስኩት።

የሳቅኩበት ላፕቶፕ ነው ያዳነኝ። ለልጁ ምሳ ጋብዣለሁ፣ በየዓይነቱ።

ትናንት ጃሩ ሄደ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ደወለች። «ዘጋ» አለችኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም፣ ታክሲ እየጠበቀች ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ጄዲኬዬን ማሳደግ እፈልጋለሁ፣ 17 ወይም 21። ሪሊዝ 8 ይቀበሉኛል?


ማታ ፈረቃ፦

ሂካሪውን የመሰለ ነገር በሰው ላፕቶፕ እንዳትጠብቂ። ሜቨን ኢንፎርሰር (ደንብ አስከባሪው ፕለጊን) ላይ የሚጨመር ኢንፎርስ ባይትኮድ ቨርዥን የሚባል ደንብ አለ፣ ከፍተኛው 1.8 ነው ብለሽ ስትጽፊለት ዲፔንደንሲዎቹን (የምትጠቀሚባቸውን የሰው ላይብረሪዎች) አንድ በአንድ ከፍቶ ያያል። ካንቺ ኮድ ውጭ ያለውን ሪሊዝ አያየውም።


ነጠላ ሰረዝ፦

ሁለቱ መስመሮች እንዳሉ ይቆዩ፣ ምክንያትሽ በቂ ነው። ከላያቸው ላይ ግን ለማን ሲባል እንደተቀመጡ አንድ መስመር ኮሜንት ጻፊ፣ ከአንቺ ቀጥሎ የሚረከበው ሰው «ጎሽ» ብሎ እንዳያልፍ።

17ም 21ም ይቀበሉሻል። 17 ዝም ብሎ ይሠራል። 21 ይሠራና «8 ጊዜው አልፏል፣ ወደፊት ይወገዳል» ብሎ ያስጠነቅቅሻል፣ ያቺ ቢጫ በሌላ መልክ ተመለሰች ማለት ነው። 6ን ጄዲኬ 12 ላይ አስወጡት፣ 7ን 20 ላይ። የ8 ተራ መቼ እንደሆነ እስኪታወቅ 17 ላይ ተቀመጪ። ፈተናውን ግን የግድ እውነተኛ ጃቫ 8 ላይ አስኪጂው፣ ያ የባልደረባሽ ላፕቶፕ አለ አይደል።